በደብተር ጀርባ ለምትሥሉ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሒሳብ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጾች ላይ ሳጥን እየከፈላችሁ ታሪክ ለምትሥሉት ነው። ጀግናችሁ ስም አለው። ጠላቱም ስም አለው። ከኋላቸው ደግሞ መስኮቱን መሣል ሰልችቷችሁ በግማሽ የተዋችሁት ሕንፃ ቆሟል። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳችኋል፤ ወይም ትምህርት ጨርሳችሁ ቀን ሌላ ሥራ ትሠሩና ማታ ማታ ትሥላላችሁ። የምታነሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮሚክ ለመሥራት ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ንድፍ መማር ያስፈልጋል ወይ? ወላጆቻችሁም ይህንኑ በራሳቸው አነጋገር ይጠይቁታል፤ «ሥዕል ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ይላሉ።

እኔ ተምሬዋለሁ። ኮሚክም እሠራለሁ፤ ኮሚክ ብቻ ሠርቼ ግን አላድርም። መልሴ «ያስፈልጋል» የሚል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚሰጣችሁ ምክንያት ግን አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ጀሶ ነው። የጀሶ ኳስ፣ የጀሶ ኩብ፣ ቀጥሎ የጀሶ ጭንቅላት፤ ብዙ ጊዜ አፍንጫው የተሸረፈ የጥንት ግሪክ ሰው። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ትዘረጋላችሁ፤ አንድ ዓይን ትጨፍናላችሁ፤ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣታችሁ መካከል የጭንቅላቱን ቁመት ትለካላችሁ። ሙሉ ሰው መሣል ስትጀምሩ ይኸው ልክ መስፈሪያ ይሆናችኋል። የቆመ ሰው ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ይመጣል። ለኮሚክ ጀግና ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጡታል፤ ጀግንነት በከፊል የቁመት ጉዳይ ነው መሰለኝ። ከዚያ ከሰል ታነሳላችሁ፤ በአንደኛው ጉንጭ ላይ ያለውን ግራጫ ከሌላኛው ግራጫ ለመለየት ቀናት ትፈጃላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ጀግና ፎቅ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሰለቹት። ሲሰለቹም የሚጠቅሱት ሰው አላቸው። የቲንቲን ኮሚክ ፈጣሪ ኤርዤ ወጣት ሳለ ብራስልስ በሚገኘው ሴንት ሉክ ትምህርት ቤት የማታ ክፍል ገብቶ ነበር። እንዲሥል የተሰጠው ከጀሶ የተሠራ የዓምድ አናት ነበር። ሰለቸውና ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት የማይወዱ ኮሚክ ሠሪዎች እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

የሚደግሙት ግን ግማሹን ነው። ቲንቲን በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ የብራስልስ ጋዜጣ የልጆች እትም ላይ መውጣት ሲጀምር፣ የሚጎበኛቸው አገሮች ከወሬና ሰው ስለ ሩቅ አገር ከሚያስበው የተቀዱ ነበሩ። በ1934 ኤርዤ ጀግናውን ወደ ቻይና ሊልክ ሲያስብ ዣንግ ቾንግረን ከሚባል ቻይናዊ ወጣት ጋር አስተዋወቁት። ዣንግ በብራስልስ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቅርጻ ቅርጽ የሚማር ተማሪ ነበር፤ ኤርዤ የሸሸውን ዓይነት ትምህርት ማለት ነው። ስለ አገሩ ነገረው፤ የቻይናን ብሩሽና ቀለም አሳየው፤ ዛፉንም ሰውንም መጀመሪያ ማየት እንደሚገባ አስረዳው። የቲንቲን የቻይና ጉዞ በሆነው «ሰማያዊው ሎተስ» ውስጥ በየግድግዳውና በየማስታወቂያው ላይ የምታዩአቸው የቻይና ጽሑፎች የዣንግ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ኤርዤም ከዚያ ወዲህ ሳያጠና መሣሉን ተወ። ከአካዳሚ ለሸሸው ሰው አካዳሚው ቤቱ ድረስ መጣለት። ለእኔና ለእናንተ ግን ቤታችን ድረስ የሚመጣ ዣንግ ስለመኖሩ ዋስትና የለንም።

ስለዚህ ግቡ። ስትገቡ ግን ምን እንደማይሰጣችሁ አስቀድማችሁ እወቁ።

ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አንድን ሰው ከአንድ ቦታ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ማየትን ነው። ሞዴሉ ይቀመጣል፤ እናንተም ትቀመጣላችሁ፤ መብራቱም አይነቃነቅም። ኮሚክ የሚፈልገው ደግሞ ፊታችሁ የሌለን ሰው ከየትኛውም አቅጣጫ፣ ደጋግሞ መሣል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ሃያ ገጽ ያላት ቀጭን ኮሚክ፣ በገጽ ስድስት ሳጥን ቢኖራት፣ 120 ሥዕል ናት። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በሁለት ሦስተኛው ብትታይ ሰማንያ ጊዜ ትሣላለች፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጀርባ፣ ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ ዝናብ ሲመታት። በሰማንያውም ያው ሴት ሆና መገኘት አለባት። በሦስተኛው ገጽ ነጠላዋ በቀኝ ትከሻዋ ከዋለ፣ ሳታስተካክለው በአራተኛው በግራ ሊሆን አይችልም። ለአንድ የሞዴል ንድፍ ምስጋና ያገኘ ተማሪ ይህን ሲሞክር በአሥረኛው ሳጥን ላይ ሴትዮዋ ታላቅ እህቷን ትመስላለች።

መፍትሔው የጀሶውን ጭንቅላት ትቶ መሄድ አይደለም። ከሣላችሁት በኋላ ወረቀቱን ገልብጡና ያንኑ ጭንቅላት ሳታዩት፣ ከማታውቁት ማዕዘን ሣሉት፤ ከዚያ ዞራችሁ ሄዳችሁ በእውነተኛው ቦታ ቆማችሁ አስተያዩት። ይህን ማንም መምህር አላዘዘኝም፤ የከለከለኝም የለም። ከትምህርት ቤቱ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፦ እውነቱ ሁልጊዜ ክፍሉ መሐል ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ቤት ውስጥ ከስልክ ላይ እያዩ ሲሥሉ ዞሮ የሚያዩት ጀርባ የለም።

ሁለተኛው ጥቅም ፈጣን ንድፍ ነው። ሞዴሉ በየሁለት ደቂቃው አቋሙን ይለውጣል፤ እናንተም ዓይንና አፍንጫ ሳትሉ ክብደቱ የት እንዳረፈ ብቻ ትይዛላችሁ። ከዚህ ክፍል በምንም ምክንያት አትቅሩ። ሲያልቅ ደግሞ ወደ ታክሲ ተራ ውረዱ። ሚኒባስ ሲነሳ ረዳቱን ተመልከቱት፦ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ ሌላኛው አየር ላይ፤ አንድ እጁ ከውስጥ በኩል የጣሪያውን ጠርዝ ይዟል፤ ደረቱ ወደ ውጭ፣ አገጩ ወደ ኋላ፤ በጣቶቹ መካከል በቁመት የታጠፉ ብሮች። አጥንትና ጡንቻ ተምሮ ያላየው ሰው ሲሥለው በሩ ላይ የተለጠፈ ያስመስለዋል። ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ግን መላው ክብደት በአንዲት የእጅ አንጓ ላይ እንደተሰቀለ ያያል፤ ትከሻው ለምን ወደ ጆሮው እንደወጣም ይገባዋል። ትከሻውን ካገኛችሁ ሌላው ይከተላል።

ስለ ከሰልና ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ከሰል ውሳኔን ለነገ ማሳደሪያ ነው። የፊቱ ጠርዝ የት እንደሚያልቅ ካላወቃችሁ በጣታችሁ ታሹታላችሁ፤ ጥላ ይመስላል፤ መምህሩም ያልፈዋል። ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ይህን አይፈቅድም። መስመሩ እዚህ ነው ወይም እዚያ ነው። በዚያ ላይ የኮሚክ ገጽ ብዙውን ጊዜ ተለቅ ተደርጎ ተሥሎ ለኅትመት ይቀነሳል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ማተሚያ ቤት ስትደርስ የለችም። ለዚህ ነው የከሰል ሥዕላቸው የሚያስደንቅ ልጆች የመጀመሪያ ኮሚካቸው የሚደበዝዝባቸው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ እያንዳንዱን የከሰል ሥራ ማታ በአሥር መስመር ጥቁር ቀለም ድገሙት። ከአሥር አታሳልፉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ከመምህሮቼ አንዱ፣ ስሙን አላነሳም፣ ገጾቼን አገላብጦ «ይህ እኮ ሥዕል አይደለም፣ ካርቱን ነው» ብሎኝ ያውቃል። እናንተም ትሰሙታላችሁ። ይህ ነገር ሌላ አገር ቢባል አይገርመኝም ነበር፤ ምንም እንኳ ጃፓን የኪዮቶው ሴይካ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ለማንጋ ራሱን የቻለ ፋኩልቲ ቢከፍትም፣ አሜሪካም የኩበርት ትምህርት ቤት ከ1976 ጀምሮ ኮሚክ ቢያስተምርም። እኛ ዘንድ ግን ሲባል ይገርመኛል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ይህ ሕዝብ በተከታታይ ሥዕል ታሪክ ሲያነብ ዘመናት አልፈውት ነበር።

የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታውሱ፤ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ተሰቅሎ የምታዩትን። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን ነው። ረድፉ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ በየሳጥኑ አጭር ጽሑፍ አለ። ግብዣው ላይ አቁሙ። ንጉሡ ንግሥቲቱን የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል። ቀጥሎ ሌሊት ነው፤ ውኃ አለ፤ የተዘረጋች እጅ አለች። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ያለውን ጥም ማንም አልሣለውም። ጉሮሮው የደረቀው የአንባቢው ነው። የኮሚክ ትምህርት በሙሉ ከዚያች ከባዶዋ ቦታ ይጀምራል፤ ሠዓሊውም ያወቃት ከውጭ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም እንዲሁ። ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ይታያሉ፣ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። መጻፍና ማንበብ የማይችል ምእመን ከበሩ ሳያልፍ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ገጸ ባሕርይን በአንድ እይታ ማስተዋወቅ የሚባለው ሥራ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ይህን ያህል ካልኩ ይብቃኝ፤ መምህራችሁ «ካርቱን» ሲላችሁ ግን ሳትከራከሩ የሳባን ሥዕል አንድ ረድፍ ቅዱና አሳዩት።

ትምህርት ቤት ጨርሶ የማይነካው አንድ ነገር ፊደል ነው። ኮሚክ የምትሠሩት በአማርኛ ከሆነ የንግግር ፊኛው የእናንተ ጣጣ ነው። ፊደላችን የላቲን ዓይነት ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጩኸትን የምትገልጹት በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲያንስ «ቡ» እና «ቢ» ይምታታሉ፤ አንዷ ሰረዝ ከወገብ፣ ሌላዋ ከእግር ስለሆነች ቀለም ትንሽ ከፈሰሰ አለቀ። ግሳችን ተውላጠ ስሙንም አሉታውንም አንድ ላይ ተሸክሞ ስለሚረዝም ፊኛው ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሰው ከመሣላችሁ በፊት ጽሑፉን አስቀምጡ። በምላሹ ቋንቋው የሚክሳችሁ ካሳ አለ። ግሱ መጨረሻ ይመጣል። በገጹ የመጨረሻ ሳጥን አንድ ፖሊስ ለአባት «ልጅዎን ትናንት ማታ ድልድዩ ሥር…» ይላል። አንባቢው ገጹን ካልገለበጠ «አገኘናት» ይሁን «አጣናት» አያውቅም። ተጠቀሙበት።

ለወላጆች ቃል ገብቼ የነበረ ይመስለኛል፤ ባልገባም ስለ እንጀራው ልመልስ። ኮሚክ ብቻውን ገና ቤት ኪራይ አይከፍልም። «ጀምበር» የተባለው የልዕለ ኃያል ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ ብዙዎቻችን በር ተከፈተ ብለናል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው፣ ወረቀትና ኅትመትም ውድ ነው። በተከታታይ ሥዕል ነገርን ማስረዳት የሚችል ሰው ግን ሥራ አያጣም፦ ለማስታወቂያ ቀረጻ የትዕይንት ንድፍ፣ ለጤና ትምህርት የሥዕል መጽሐፍ፣ ለመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል፣ ለአኒሜሽን። የቀኑ እንጀራ ከዚያ ይመጣል፤ ማታው የእናንተ ነው። ታብሌት ግዙልን ብላችሁ ቤተሰብ አታስጨንቁ፤ ለጊዜው ርካሽ ደብተርና ብሩሽ ይበቃል።

ለመግቢያ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ከጀሶና ከፍራፍሬ ንድፋችሁ ጋር ይህችን አንድ ገጽ ጨምሩ። ስድስት ሳጥን፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው። እናት ቡና ታፈላለች፤ ሦስት ሲኒ ትደረድራለች፤ አንዱን መልሳ ታነሳለች። ማን እንደቀረ አትናገሩ። ስትጨርሱ ሥዕል ለማይወድ ሰው ስጡት፤ ለጎረቤት፣ ለባለ ሱቁ፣ ለአጎታችሁ። እያነበበ ሳለ አንዳች ነገር እንዳታስረዱ። ዓይኑ ወደ ኋላ የተመለሰበትን ሳጥን ምልክት አድርጉና ቤት ገብታችሁ እሱን ብቻ እንደገና ሣሉት።

አክባሪያችሁ