«ካንሰር አይደለም» ማለት «ተዉት» ማለት አይደለም

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ገጠር የሚያነክስ ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ከብት ሲጠብቅ ወድቆ ነው፤ ወጌሻ አሽቶታል፤ ግን አልተሻለውም።»

ራጅ ሲነሳ አንዳንዴ የሚገኘው ውልቃት ሳይሆን ዳሌው ጋ፣ በጭን አጥንት አንገት ውስጥ ያለ ዕጢ ነው። በልጆች አጥንት ላይ የሚታየው አብዛኛው ዕጢ ካንሰር አይደለም። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ተመስገን» ብሎ ልጁን ይዞ ይመለሳል። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

የጭን አጥንት አንገት ቀጭን ናት፤ የሰውነት ክብደት ግን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ውስጧ ሲቦረቦር ምስጥ እንደበላው ምሰሶ ትሆናለች። ከውጭ ደህና ትመስላለች፤ ቀላል አወዳደቅ ግን ይሰብራታል። ስብራቱ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደውን ደም ካቋረጠ ልጁ ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል።

ሁሉም ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ትንሽና የማያም ከሆነ ብዙ ጊዜ በራጅ መከታተል ይበቃል። የሚያም፣ የሚያድግ ወይም አጥንቱን ያሳሳ ከሆነ ግን የአጥንት ስፔሻሊስቱ ዕጢውን ፍቆ ያወጣል፤ ክፍተቱን በአጥንት ይሞላል፤ ካስፈለገም በብረት ይደግፈዋል። የወጣው ናሙና ይመረመራል። ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል ከዚያ በኋላም ክትትል አለ።

«ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚባለውስ? ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ስለተነካ ካንሰር አይሆንም።

ልጃችሁን ቶሎ አስመርምሩ፦
👉 ከሳምንት በላይ ካነከሰ
👉 ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው
👉 ጉልበቱን እያመመው ጉልበቱ ላይ ምንም ካልተገኘ (የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል)
👉 ትኩሳት ካለው ወይም መቆም ካቃተው በዚያው ቀን!

ወጌሻን አልንቅም። ግን ውስጡ የተቦረቦረ አጥንት በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም፤ ሲታሽም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከማሸት በፊት ራጅ!

ደሴም ሆነ አዲስ አበባ መሄድ ድካምና ወጪ እንዳለው አውቃለሁ። የጤና መድን ያላችሁ ያለ ሪፈር ወረቀት አትነሱ። አዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር ሆስፒታል የልጆችን የአጥንት ችግር በቀዶ ሕክምና እንደሚያክምም ልብ በሉ።

የሚያርስ በሬ ቢያነክስ ምን እንደሆነ ሳናይ አናድርም። ልጅ ሲያነክስስ ለምን ወራት እንጠብቃለን?

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ።