ሥዕሉ ይሻላል ወይስ ካርታው?

አገርን ተዘዋውሮ ማየት ትልቅ ትምህርት መሆኑን መምህሮቻችን ዘወትር ይነግሩናል፤ እኛም እናምናለን። ነገር ግን የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባለሥዕል የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ ለመግዛት የሚያስብ ጓደኛ ቢኖር፣ የእኔን ስሕተት እንዳይደግም በማለት ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት እኛ ሦስት ጓደኛሞች የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች፣ በተለይም አብያታንና ሻላን ለማየት ተማከርን። ለወራት ገንዘብ አጠራቀምን፤ ያዥ እንድሆን የታመንሁትም እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት መንገድ ዳር ሁለት መምሪያዎች አየሁ። አንደኛው ትልቅ፣ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ፣ በየገጹ ባለቀለም ፎቶግራፍ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ሽፋኑ የተላላጠ፣ ሥዕሉ ጥቂት፣ ካርታው ግን ብዙ ነው። እኔም ሣሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ ትልቁን መረጥሁ። ዋጋውም የጋራ ገንዘባችንን ሲሶ ወሰደ።

የጉዞው ቀን ደርሶ ከአዳማ ተነሣን፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ የቀረን ገንዘብ ለመመለሻ ብቻ የሚበቃ ሆነ። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን መጽሐፉን ስናገላብጥ አንድ አዛውንት ቀረቡና የአብያታን ሥዕል አይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህማ የዱሮው ነው፤ ውሃው ዛሬ እጅግ ሸሽቷል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ከሐይቁና ከሚመግቡት ወንዞች ብዙ ውሃ ስለሚቀዳ አብያታ በጣም ቀንሷል። እንግዲህ ቦታውን ሳናየው ቀረን፤ የገዛነውም ሥዕል ያለፈበት ሆነ። ጓደኞቼ አልተቆጡኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ጥቂት የሆነ መንገደኛ ሦስት ነገሮችን ይመርምር። አንደኛ፣ መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት፤ የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2016 ተመረቀ፤ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ስለእነዚህ መንገዶች ሊነግረን አይችልም። ሁለተኛ፣ ካርታውን፤ መጽሐፉ ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ቢል ለአዳማ ልጅ አይበቃውም፤ መታጠፊያውን የሚያሳየው ካርታ ነውና። ፊሊፕ ብሪግስ የተባለው ጸሐፊ ስለ ኢትዮጵያ ያዘጋጀው መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከታተመ ወዲህ ደጋግሞ ታርሟል፤ የየከተማውንም ንድፍ ካርታ ይዟል። ለመንገደኛ የሚበጀው እንዲህ ያለው ነው። ሦስተኛ፣ ዋጋውን ከመሳፈሪያው ጋር ያመዛዝን፤ መንገዱን የሚበላ መምሪያ መምሪያ አይባልም።

ምናልባት፣ «ሥዕል የመሄድ ፍላጎት ይቀሰቅሳል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም አልክድም፤ ሻላን የተመኘሁት በሥዕል አይቼው ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉን በቤተ መጻሕፍት ወይም በስልክ ያለ ብዙ ወጪ ማየት ይቻላል፤ ካርታው ግን መንገድ ላይ ከእጅ መለየት የለበትም።

ስለዚህ አንድ ኀሳብ አለኝ። በየክፍሉ ጥቂት ጥቂት አዋጥተን አንድ አዲስና ባለካርታ መምሪያ ለቤተ መጻሕፍታችን ብንገዛ፣ ተጓዥ ተማሪ ሁሉ እየተዋሰ ይጠቀምበታል። ከዚያም አልፎ ርቀቱን ከአዳማ ጀምሮ የሚቆጥር ትንሽ መምሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ራሳችን ብናዘጋጅ፣ የጂኦግራፊ መምህሮቻችን የሚረዱን ይመስለኛል።

እኔ በበኩሌ ትልቁን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥቻለሁ፤ የጓደኞቼንም ድርሻ በየሳምንቱ እየከፈልሁ ነው። ዕዳዬን ስጨርስ ሻላን ለማየት እንደገና ተቀጣጥረናል፤ ገንዘቡን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው።