«የስ» ያለው ልጅ ምን ማለቱ ነው?

መካነ ሰላም ላይ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ሌትስ ጎ» ብላቸው ክፍሉ በሙሉ «ሻል ዊ!» ይላል። «አይ አም ሌት» ስል «አረንት አይ» ይከተላል። ከቦረና ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ የሚያመላልሱ ልጆች ናቸው። ከዓረፍተ ነገር ጫፍ የሚቀጠለውን አጭር ጥያቄ፣ የኩዌስችን ታግን ደንብ ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዱን ለይቼ «ዩ ዲድንት ኢት ብሬክፋስት፣ ዲድ ዩ?» ብዬ ስጠይቀው ግን ቁርስ ያልቀመሰው ልጅ «የስ» ይለኛል።

ልጁ አልዋሸም። እኛ «አልበላህም እንዴ?» ስንባል «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ «አዎ» የምንለው የጠያቂውን ግምት ስናጸድቅለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ግምቱን ትቶ ድርጊቱን ያያል፤ ካልተበላ መልሱ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ብቻ ነው። ጃፓኖችም እንግሊዝኛ ሲማሩ እዚሁ ላይ ይቸገራሉ።

ይህን የአንድ ማርክ ጉዳይ አድርገን ማየታችን ያሳዝነኛል። ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ የገባ የቀድሞ ተማሪዬን መምህሩ «አሳይመንቱን አላስገባህም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ልጁ አላስገባሁም ለማለት «የስ» አለ። ኋላ ወረቀቱ ሲታጣ ዋሾ ተባለ። ያንን ስም ለመፋቅ አንድ ሴሚስተር ፈጀበት።

ጥፋቱ የማስተማሪያ መንገዳችን ነው። ኩዌስችን ታግን የምናስተምረው ከኤ እስከ ዲ ባሉ ፊደላት ነው፤ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር አሉታዊ ታግ፣ አሉታዊው ደግሞ አዎንታዊ ታግ ይከተለዋል፣ አለቀ። ሲነገር ደግሞ ታጉ ላይ ድምፅ ከወረደ ተናጋሪው ስምምነት እየፈለገ ነው፣ ከወጣ ግን በእርግጥ እየጠየቀ ነው። ይህን ልዩነት የምርጫ ጥያቄ ሊለካው አይችልም፤ ስለዚህ አናስተምረውም።

ጉዳቱ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አልፎ ይሄዳል፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ ጦርነትና የትምህርት ቤቶች መዘጋት ተጨምሮበታል። ግን የፊዚክሱንም የታሪኩንም ጥያቄ የሚያነቡት በዚሁ ቋንቋ ነው።

እኔ ከአጭር መልስ እንጀምር ባይ ነኝ። ልጆቻችን መሠረቱ አላቸው፤ «መጥተሃል?» ሲባል «አዎ፣ መጥቻለሁ» ብሎ ግሡን መድገም የለመዱት ነው። እንግሊዝኛ የሚደግመው ረዳት ግሡን ብቻ ነው፦ «ሃቭ ዩ ኢትን?» «የስ፣ አይ ሃቭ»። አጭር መልስ አፉ ላይ የገባለት ልጅ ታጉን ለማግኘት አይቸገርም፤ ያንኑ ረዳት ግሥ ገልብጦ ይጠይቅበታል።

ከተከታታይ ምዘናው የተወሰነው ማርክ ለንግግር ይሁን። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም የማዳመጥ ክፍል የሚጨመርበትን መንገድ ያጥና። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አይሆንም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ የቁጥሩን ክብደት እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ግን አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ተጣበው ነው የሚቀመጡት። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመልስ፣ ሦስተኛው «የስ» እና «ኖ» ቦታቸውን መያዛቸውን ይስማ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ለዚህ በጀትም መመሪያም መጠበቅ አያስፈልግም።