ማዘዣው የማን ነው?

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ግፊትም ስኳርም አለባት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ በደንብ አዳመጣት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና «ልኬላችኋለሁ፣ እዚሁ ፋርማሲ ውሰዱ» አለን። ያ ማንም የማያነበው የሐኪም ጽሑፍ ቀረልን ብለን ደስ አለን።

ፋርማሲው መስኮት ስንደርስ ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱ የሉም። «ውጭ ግዙ» ተባልን። በምን እንግዛ? እጃችን ላይ ወረቀት የለም፤ ማዘዣው ያለው ኮምፒውተራቸው ውስጥ ነው። ወደ ሐኪሙ ብንመለስ ምሳ ወጥቷል። የድሬን የምሳ ሰዓት ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ ራሱ ከተማውን ይዘጋዋል። እናቴ ኮሪደር ላይ ከሰዓት በላይ ከተቀመጠች በኋላ ሌላ ሐኪም በእጁ ጽፎ ሰጠን። ከዚያ በባጃጅ ከዚራን፣ መጋላን፣ ሳቢያንን አዳረስን። አንዱ ተገኘ። ሌላውን ለማግኘት ማዘዣውን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለች እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። እሷ ገዝታ በሰው ላከችልን።

ይህን ያላደረገ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አገር የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ገና ይመጣል ሲባል እሰማለሁ። አቦ፣ መጥቷልኮ! በየስልካችን ውስጥ አለ። የሌለው ደንቡ ነው።

ደንብ አለመኖሩ ምን ያመጣል? ማዘዣ ወረቀት ላይ የታማሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና የበሽታው ዓይነት ይጻፋል። የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ያን ፎቶ «የት ይገኛል?» ብሎ ሲልክ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የት እንደሚደርስ አያውቅም። ደግሞ አንድ ፎቶ አሥር ቦታ ሊገዛበት ይችላል። የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ሱስ ለሆነበት ወጣት ይህ በር ነው። ፋርማሲስቱም ማዘዣው እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ሕሊና ያለው «በፎቶ አልሰጥም» ብሎ ደንበኛውን ይሸኛል፤ ግድ የሌለው ይሸጣል። ሕግ አክባሪው የሚከስርበት ገበያ ይህ ነው።

ከባዶ አንጀምርም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ጋር መድቦታል። ጣሪያው ቆሟል። የቀረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ጤና ሚኒስቴር ፋርማሲው መስኮት ድረስ የሚያወርዱት ደንብ ነው። በእኔ እምነት አራት ነገሮችን መያዝ አለበት።

አንደኛ፣ ማዘዣው የታማሚው ይሁን። ለአንድ ፋርማሲ ብቻ የሚላክ ማዘዣ፣ መድኃኒት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር ታማሚን ማሰር ነው። ኢስቶኒያ በ2010 እ.ኤ.አ. ስትጀምር ማዘዣውን ማዕከላዊ መዝገብ ላይ አስቀመጠችው፤ ታማሚው መታወቂያውን ይዞ የፈለገው ፋርማሲ ይገባል። አሜሪካ ግን ማዘዣው ለተመረጠ አንድ ፋርማሲ ይላካል። ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች እዚያ ከሌሉ ሐኪሙ እንደገና መጻፍ ነበረበት፤ በታማሚው ጥያቄ አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ፋርማሲ እንዲተላለፍ የተፈቀደው በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ስህተት እኛ ከመጀመሪያው መዝለል እንችላለን። በአጭር መልዕክት የሚደርስ ኮድ ይበቃል፤ ስማርት ስልክ የሌላት እናትም ታሳየዋለች።

ሁለተኛ፣ የተሰጠው ይዘጋ፣ ያልተሰጠው ክፍት ይቆይ። እናቴ አንዱን ካገኘች የቀሩት ሁለቱ ለሚቀጥለው ፋርማሲ ይታዩ። ያኔ አንድ ማዘዣ ሁለት ጊዜ አይሸጥበትም። ፋርማሲስቱም የተሰጠውን ማዘዣ እንጂ የሰውየውን ሙሉ የሕክምና ታሪክ ማየት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ይኑር። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት መቆየቱን አንረሳም። ታማሚ ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ የታተመ ማዘዣ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

አራተኛ፣ ይህ ለእኔ ዋናው ነው፤ «የለም» ይመዝገብ። ዛሬ አንድ ታማሚ አምስት ፋርማሲ ዞሮ ባዶ እጁን ሲመለስ ያ «የለም» የትም አይሰፍርም። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ አርጅቶ ይጣላል። ስለዚህ እጥረቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ያልተሟላ ማዘዣ ቢቆጠር ግን የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ከተማ እንደጠፋ ይታወቃል። ድሬ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ትፈልገዋለች። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያንቀጠቅጥ፣ በ2014 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከተማ ወዳድ ትንኝ የወባ ወረርሽኝ ስታስነሳ አይተናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የትኩሳትና የወባ መድኃኒት ትእዛዝ በድንገት ቢጨምር፣ ያ ቁጥር ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

«መድኃኒት ሳይኖር ስለ ኮድ ታወራለህ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ኮድ መድኃኒት አይሆንም። ግን መድኃኒት ሞልቶ ቢሆን ኖሮ የማዘዣው መንገድ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር። እጥረት ባለበት ነው ሰው በፀሐይ የሚንከራተተው፤ እጥረት ባለበት ነው በኮንትሮባንድ የገባው፣ ምን እንደሆነ የማይታወቀው እሽግ ገዢ የሚያገኘው። የፋርማሲ ባለቤቶችም «የግብር መከታተያ ሊያደርጉት ነው» ብለው ይሰጋሉ። ስለዚህ ደንቡ መረጃው ለምን ብቻ እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ።

እስከዚያው ሁለት ነገር እንልመድ። ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ የታተመ ወይም የተጻፈ ማዘዣ ጠይቁ። ፎቶ ስትልኩ ደግሞ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍኑ። እኔ የእናቴን ሳልሸፍን ነው የላክሁት። ትዝ ያለኝ ከላክሁ በኋላ ነበር።