ኩስኮን ማን ሠራው? ኢንካዎች! በቃ።

ከፔሩ ከተመለስኩ ወዲህ የኩስኮን ግንብ ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እውነት ይሄን ሰው ሠራው?» ይባስ ብሎ «ከሌላ ፕላኔት በመጡ ፍጡራን ነው የተሠራው» የሚል ቪዲዮ የሚልክልኝም አለ። ኧረ ተዉ ጎበዝ!

ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የኢንካ መንግሥት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። የአዲስ አበባን ዳገት የለመደ ሰው እንኳ እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐቱን ሩሚዮክ በሚባለው ጠባብ መንገድ ዳር ያለውን ባለ 12 ማዕዘን ድንጋይ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ገጥሞ ተቀምጧል። ይደንቃል። ግን መደነቅ ሌላ፣ ባለቤቱን መካድ ሌላ።

የድንጋይ ካባዎቹ ይታወቃሉ፤ ሩሚቆልቃ ዛሬም አለ። ኦያንታይታምቦ አካባቢ ደግሞ ከካባው ወጥተው መንገድ ላይ የቀሩ ግዙፍ ድንጋዮች አሉ፤ «የደከሙ ድንጋዮች» ይሏቸዋል። ከሰማይ የመጣ ፍጡር ድንጋይ መጎተት ታክቶት ጥሎ ይሄዳል እንዴ? ዣን ፒየር ፕሮትዘን የተባለ አርክቴክት ደግሞ ድንጋይን በድንጋይ እየጠረበ ሞክሮ እንደሚቻል አሳይቷል። ጉልበቱም የሕዝቡ ነው፤ ሚታ በሚባለው ሥርዓት ሰው ተራ እየገባ ለመንግሥት ይሠራ ነበር።

እስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1533 ከተማዋን ያዙ። የሳክሳይዋማንን ድንጋይ እየነቀሉ ለራሳቸው ሕንፃ አዋሉት፤ የፀሐይ ቤተ መቅደስ በነበረው ቆሪካንቻ ላይ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም ሠሩ። በ1950 መሬት ሲንቀጠቀጥ ገዳሙ ክፉኛ ፈረሰ፤ የኢንካው ግንብ ግን ቆሞ ታየ። መሬቷ ራሷ መሰከረች።

ለምን ያንገበግበኛል? ላሊበላን አስቡ። ግርሃም ሃንኮክ ስለ ጽላተ ሙሴ በጻፈው መጽሐፍ ላሊበላን ከአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች ጋር አያይዞት የለ? ያን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። ታዲያ በእኛ ሲሆን ንቀት፣ በኢንካ ሲሆን «አዝናኝ ቪዲዮ» የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? የፓሪስን ኖትር ዳም ማን ሠራው ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚያይ እስካሁን አልገጠመኝም።

የግንበኞቹ ልጆች አልጠፉም። ኬችዋ እያወሩ እዚያው ኩስኮ ገበያ ውስጥ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ቪዲዮውን ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የእነሱን አያቶች ላብ ለማን እየሸለማችሁ እንደሆነ አስቡበት።