ትመለሳላችሁ ወይ?

የ2017 ዓ.ም. አዲስ ዓመት እንደገባ የ10 ዓመቱ ልጄ ሳሎን በተሰቀለው ካሌንደር ላይ ከሐምሌ 7 እስከ ነሐሴ 6 ያሉትን ቀናት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ከበባቸው። ምክንያቱም በዚያ ክረምት በቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ ለአንድ ወር ውጭ አገር ለማረፍ ወስነን ነበር። አውሮፓ፣ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ባለች ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሃያ ዓመት ሙሉ “ኑ” እያለ ይጎተጉተናል። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ከአጎታቸው ልጆች ጋር ተራራ መውጣት፣ በሐይቅ ዳር ብስክሌት መንዳት፣ ድንኳን ተክሎ ማደር።

ሕግ የተማረ ሰው ሽርሽር ሲያስብ እንኳ አንቀጽ መቁጠሩ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጭማሪ የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። በአንድ መሥሪያ ቤት 17 ዓመት ስለሠራሁ 24 ቀናት አሉኝ። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 42 የሠራተኛውን የማረፍና የመዝናናት መብት አስፍሯል። በአንቀጽ 32 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገሩ የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫም በአንቀጽ 13 እና 24 ይህንኑ ያጠናክራል። እንግዲህ የማረፍ መብት አለኝ፣ የመውጣት መብት አለኝ፣ የመመለስ መብት አለኝ። የጎደለው አንድ ብቻ ነው፤ የመግባት መብት። እሱን የሚሰጥ ሕግ በዓለም ላይ የለም። ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ የሚወስነው ባለአገሩ ነው።

በየካቲት ወር ማመልከቻ አስገባን። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ከ80 ወደ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ ከ40 ወደ 45 ዩሮ ከፍ ብሏል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ20 ዓመቷ ልጄና ታናሿ በአንድ ላይ 315 ዩሮ ከፈልን፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ክፍያ በደመወዝተኛ ኪስ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በዚያ ላይ ቢያንስ 30 ሺሕ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ አለ። ሁሉም ወረቀት በተለያየ ቋንቋ አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሰው፤ “ትመለሳላችሁ ወይ?”

መልሱ መጣ። ለሦስታችን ተፈቀደ። ለልጄ ግን ተከለከለ። በቅጹ ላይ ምልክት የተደረገበት ሣጥን፣ ቪዛው ከማብቃቱ በፊት አገሩን ለቅቃ ለመውጣቷ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘም የሚል ነበር። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ “አባዬ፣ እናንተ ትመለሳላችሁ፣ እኔ አልመለስም ማለት ነው?” አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ከሕግ ጋር የኖርኩ ሰው መልስ አጣሁ።

በወንጀል ችሎት ማንም ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሹ ነው። በቪዛ መስኮት ፊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገና ያልሠራኸውን ነገር እንደማትሠራ የምታስረዳው አንተ ነህ። የ20 ዓመት ልጅ ደግሞ ምን አላት? ቤት የላት፣ ደመወዝ የላት፣ ትዳር የላት። ያላት ቃሏ ብቻ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የቪዛ ሹሙ ከመሬት ተነስቶ አልተጠራጠረም። ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለስፖርት ውድድር ብለው ሄደው የቀሩትን ሁላችንም በስም እናውቃቸዋለን። የሰው ገንዘብ ለሳምንት ተበድሮ ሒሳቡ ላይ አስቀምጦ ስቴትመንት የሚያወጣውንም፣ የሐሰት የግብዣ ደብዳቤ የሚሸጠውን ደላላም እናውቃለን። በእያንዳንዱ ሐሰተኛ ወረቀት የአንዲት እውነተኛ ልጅ ቃል ዋጋ ይረክሳል። ይግባኝ የማለት መብት ነበረን፤ ግን የይግባኙ ውሳኔ እስኪመጣ ክረምቱ ያልፋል።

ሹሙ አንድን ሰው መጠራጠሩን እረዳለሁ። አገርን በጅምላ መቅጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ልዩ እርምጃ ወስኗል። በውሳኔው መሠረት ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን፣ ከሰነድ ማሟላት የሚገኝ እፎይታ እንዲቀር፣ የዲፕሎማትና የሰርቪስ ፓስፖርት ያላቸውም እንዲከፍሉ፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀናት እንዲረዝም ተደርጓል። የተሰጠው ምክንያት የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገም፣ የመመለሻ ሰነድም ለመስጠት ይዘገያል የሚል ነው።

በዚህ ክርክር ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም። መንግሥታችን ከሳዑዲ ዓረቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን ተቀብሏል። በሌላ በኩል ደግሞ ዓመታት የሠራ፣ ልጅ የወለደ ሰው በግዳጅ እንዲጫንበት አለመቸኮሉም የሚገባኝ ነው። የማይገባኝ ቅጣቱ የወደቀበት ቦታ ነው። ሕጉን ጥሶ የቀረው ሰው ቪዛ አይጠይቅም፤ እዚያው ነው ያለው። 45 ቀን ፓስፖርቱን አስረክቦ የሚጠብቀው ሕጉን አክብሮ በር የሚያንኳኳው ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ።

በዚያ ምሽት ሁለት ምርጫ ነበረን። ሦስታችን ሄደን እሷን ከአክስቷ ዘንድ መተው፣ ወይም ሁላችንም መቅረት። ባለቤቴ ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጋችው። “የቤተሰብ ዕረፍት ነው የተባለው” አለች። ለወንድሜ ደወልኩለት። ትንሽ ዝም ብሎ “እንግዲያው እኛ እንመጣለን፤ ናይሮቢ እንገናኝ” አለኝ።

እንዴት እስከዚያ ቀን እንዳላሰብነው ይገርመኛል። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ወረፋ የለም፣ ስቴትመንት የለም፣ ሣጥን የለም። ያስፈለገን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው፤ እሱም አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የወንድሜ ልጆች በአውሮፓ ፓስፖርታቸው ኢንተርኔት ላይ ቅጽ ሞልተው መጡ። የእነሱ ፓስፖርት እኛ ወዳለንበት ያመጣቸዋል፤ የእኛው ግን ወደ እነሱ አይወስደንም።

ወቅቱም የእኛ ነበር። ልጆቻችን ትምህርት የሚዘጉት አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ ስትጨማለቅ ነው። በኬንያ ግን ሐምሌና ነሐሴ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ድንኳን ተከልን። ሄልስ ጌት በእግርና በብስክሌት መዘዋወር ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ልጆቹ በሜዳ አህያና በቀጭኔ መሐል ብስክሌት ነዱ። 2,776 ሜትር ከፍታ ያለውን የሎንጎኖት እሳተ ገሞራም ወጣን። የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ ላይ ስላደገ ልጄ ቀድሞ ወጥቶ የአውሮፓ ዘመዶቹን አፋፉ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። በሕይወቱ አንድ ነገር ያለ ማስረጃ ያሸነፈው ያን ቀን ይመስለኛል።

“ለምን በአገርህ አልጎበኘህም?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። ሎንጎኖት የተቀመጠበት ስምጥ ሸለቆ የእኛው የላንጋኖና የአባያ ወንድም ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የሰሜን ተራሮችን ከቤተሰብ ዕቅድ አውጥቷቸዋል። በሌሎች መንገዶችም ስለ እገታ የሚሰማው ወሬ አባት መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ያደርገዋል። በገበታ ለአገር ወንጪንና ጎርጎራን የመሳሰሉ ቦታዎች መልማታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ወደ ሎጅ የሚደርሰው በመንገድ ነው። መንገዱ ካላስተማመነ ሎጁ ደሴት ሆኖ ይቀራል። ልጆቼ የሜዳ አህያን ነጭ ሳር ሳይሆን ናይቫሻ ማየታቸው እኔን ያሳፍረኛል፤ መንግሥትንም ሊያሳስበው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው መደምደሚያ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያለውን የተመላሾች ውዝግብ የሁለት ቢሮዎች ጉዳይ አድርጎ ማየት የለበትም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ዜጋ ስለሆነ ድርድሩ የት እንደደረሰ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የአፍሪካ ኅብረት የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል በጥር 2010 ዓ.ም. የጸደቀው እዚሁ በከተማችን ነው። ሥራ ላይ ለመዋል የ15 አገሮች ማጽደቂያ ቢያስፈልገውም ከዓመታት በኋላም ያጸደቁት ጥቂቶች ናቸው። አውሮፓን በር ዘጋህ ብለን የምንወቅስ አፍሪካውያን የእርስ በርስ በራችንን አልከፈትንም። ሦስተኛው ለእኛ ለቤተሰብ ኃላፊዎች ነው። ወደ ሼንገን አገር የምትሄዱ ከሆነ ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ስለሚፈቅድ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ቪዛ ሳይገኝ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። ኢንሹራንሱ ተራራ መውጣትን የሚሸፍን መሆኑን አንብቡ። በተውሶ ገንዘብ ስቴትመንት አታስጽፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማመልከቻ ለየብቻው የሚመዘን መሆኑን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ ሳልነግራት በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ነሐሴ 6 ቀን ማታ ቦሌ ደረስን። ዝናቡ ይወርዳል። ልጄ ሻንጣዋን እየጎተተች “ይኸው ተመለስኩ” አለች፤ እየሳቀች ነበር። አሁን ትምህርቷን ቀጥላለች። መመለሷን የሚመዘግብላት ሣጥን ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም።