ከጋፋት እስከ ሜቴክ፦ «አይቻልም» የሚል ባለሙያ ያጣ አመራር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። እኔም ዛሬ የምጽፍበትን ጉዳይ ከሥሩ ልጀምር። ሥሩ ያለው አዲስ አበባ አይደለም፤ ደቡብ ጎንደር ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአገሪቱን የመጀመሪያ የመድፍ ማቅለጫ የተከሉት እዚያ ነው። የዚያ ሥራ መሪዎች እነ ዋልድማየር፣ እነ ሳልሙለርና እነ ቤንደር ነበሩ። ወንጌል ሊሰብኩ ከስዊስ ምድር የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አናውቅበትም አሉ፤ አናውቅበትም ማለት ግን አላዳናቸውም። ሌሎች አውሮጳውያን በሰንሰለት ታስረው እያዩ፣ ደጋግመው እየሞከሩና እየከሸፈባቸው፣ በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ።

ያንን ብረት ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም፤ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ተቀምጧል። እኛም እየሄድን አጠገቡ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ትምህርቱን ግን አልተማርንም።

ትምህርቱ ምንድን ነው? የንጉሡ ሕልም ስህተት ነበር ማለት አይደለም። መሣሪያን ከመለመን መሥራት ይሻላል ያለ ሰው አልተሳሳተም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ያዘዘው፣ ያሠራው፣ ያመሰገነውና የቀጣው አንድ ሰው ነበር። በዚያ ማቅለጫ ዙሪያ «ጃንሆይ፣ ይህ አይሆንም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስ ባለሙያ አልነበረም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም በአጭሩ ሜቴክ የምንለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ10 ቢሊዮን ብር የተፈቀደ ካፒታል ተቋቋመ። የመከላከያ ፋብሪካዎችና የሲቪል ፋብሪካዎች በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። የሚገርመው ከመሣሪያ ፋብሪካዎቹ አንዱ ስሙ ጋፋት ነበር። ስሙን ወረስን፤ ከስሙ ጋር በሽታውንም ወረስን። ዋና ዳይሬክተሩ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ነበሩ። በሥራቸው የነበሩት የዘርፍና የፋብሪካ ኃላፊዎችም ብዙዎቹ ብርጋዴር ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች ነበሩ። ተቋሙ ሲፈጠር ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሚኒስቴር ሆነ።

የተሰጣቸውን ሥራ እንቁጠር። የታላቁ ህዳሴ ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ፣ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ። በዚህ ላይ አውቶቡስ፣ ትራክተር፣ ትራንስፎርመር፣ ጥይት። ይባስ ብሎ ለቁርጥራጭ ብረት ተብለው የተገዙ ሁለት አሮጌ መርከቦች ሳይቀሩ ተጠግነው ወደ ባሕር ይውጡ ተባለ። ለመሆኑ በዓለም ላይ ግድብ፣ ስኳር፣ ማዳበሪያ፣ መርከብና መድፍ በአንድ ጊዜ ልሥራ ብሎ የተነሣ፣ በአሥር ዓመት ውስጥም ሁሉን የተካነ አንድ የአመራር ቡድን የት ተሰምቶ ያውቃል?

ውጤቱን ሁላችንም አየነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ግድብ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ አንድም ተርባይን አልዞረም ነበር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥራው ከሜቴክ መነጠቁን ይፋ አደረጉ። ውሉ ከ25 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ከክፍያው ከግማሽ የሚልቀው ወጥቶ ሳለ ሥራው ከሩብ ገደማ እንዳልዘለለ ተነገረ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብርሃኑ ጸጋዬ ድርጅቱ በስድስት ዓመታት ውስጥ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቁ። በማግሥቱ ዋና ዳይሬክተሩ ተይዘው በቴሌቪዥን ታዩ።

ያን ጊዜ አገር ጨፈረ። እኔ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ አልጨፈርኩም። ስለምን? የግለሰቦች ጥፋት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ክስም ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም። የእኔ ክርክር በእነርሱ ሌብነት ላይ አልቆመም። እስቲ ሁሉም መኮንኖች እጃቸው ንጹሕ ነበር እንበል። ግድቡ ይደርስ ነበርን? ማዳበሪያው ይመረት ነበርን? አይደረስም፣ አይመረትም ባይ ነኝ።

በጦር ሜዳ ትእዛዝን ተቀብሎ ሳይጠይቁ መፈጸም የድል ቁልፍ ነው። በፋብሪካ ግን ያው ጠባይ መርዝ ነው። የብየዳ መሐንዲሱ «ይህ የብረት ቱቦ መስፈርቱን አያሟላም» ካለ ሥራው መቆም አለበት፤ ተናጋሪው ወጣት፣ አድማጩ ጄኔራል ቢሆንም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው እዚያ የገቡ በርካታ ልጆቻችን ዕውቀት አላጡም፤ ያጡት የመናገር ማዕረግ ነው። ደንበኛውም እንዲሁ ነበር። መብራት ኃይልና ስኳር ኮርፖሬሽን በወረቀት አሠሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሠራተኛውን ያልመረጡት፣ ሊያሰናብቱትም የማይችሉት አሠሪ ምን ዓይነት አሠሪ ነው? ገዢው መንግሥት፣ ሻጩ መንግሥት፣ ተቆጣጣሪው መንግሥት፣ ከፋዩ ግን ድሃው ሕዝብ።

ነገሩን የአንድ ብሔር ተወላጆች ጉዳይ አድርገው ያቀረቡም ብዙ ነበሩ። ይህ ቀላል መልስ ነው፤ ቀላል ስለሆነም አታላይ ነው። በዚያው ወንበር ከሌላ ክልል የመጡ ሌሎች ጄኔራሎችን አስቀምጡና ያንኑ ሥልጣን ያለ ጠያቂ ስጧቸው፤ ያንኑ ውጤት ታጭዳላችሁ።

ሁለት መከራከሪያዎች ይቀርቡልኛል። አንደኛው «ሳይሳሳቱ መማር የለም፤ ቴክኖሎጂ በነጻ አይገኝም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሴባስቶፖልም ከብዙ ክሽፈት በኋላ ነው የተወለደው። ነገር ግን ስህተት የሚያስተምረው ሲነገር ብቻ ነው። ተደብቆ በሪፖርት የተለበጠ ስህተት ትምህርት ሳይሆን ዕዳ ነው። ሁለተኛው «የመከላከያ ሥራ ምስጢር ነው» የሚል ነው። የጥይቱ ፋብሪካ ምስጢር ይሁን፤ እሺ። የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ከመቼ ወዲህ ነው የጦር ምስጢር የሆነው?

ከዚያ ወዲህስ? ሜቴክ ፈረሰ፤ የሲቪሉ ክፍል ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተባለ፤ የመሣሪያው ክፍል ወደ መከላከያ ተመለሰ። ይህ መለያየት ትክክል ነበር። ግድቡም ሥራው ለሌሎች ከተላለፈ በኋላ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ደስ ብሎናል። ነገር ግን ስም መቀየርና ሰው መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓት መቀየር ሌላ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. የድሮን ማምረቻ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይተናል። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ አዳዲስ ተቋማት ውስጥ ለአለቃው «አይቻልም» ብሎ እንጀራውን የማያጣ መሐንዲስ አለን? ሒሳባቸውንስ ከትእዛዝ ሰንሰለቱ ውጭ ያለ ኦዲተር ያያልን? የሲቪል ሥራ የሚሠሩትስ የኃላፊዎቻቸው ስም፣ ሙያና የሥራ ልምድ፣ የውላቸው ዋጋና የደረሱበት ደረጃ በየዓመቱ ለሕዝብ ይታተማልን? እነዚህ ካልተመለሱ ሁለተኛው ሜቴክ ተረግዟል ማለት ነው።

ይህ የአዲስ አበባ ምሁራን ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ አንበሳሜ ይውረድ። በዴራ ወረዳ ያለ ገበሬ የሜቴክን የሥልጣን መዋቅር አያውቅም። የሚያውቀው ሰኔ ሲገባ ማዳበሪያው ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው የጮኹ የአማራ ገበሬዎችን አስታውሱ። ያዩ ላይ ከ10 ቢሊዮን ብር በላይ የተመደበለት ፋብሪካ በጊዜው ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው በውጭ ምንዛሪና በወደብ መንገድ ላይ ባልተንጠለጠለ ነበር። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያዊው ባለሀብት ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ውል ተፈረመ። ይቅናቸው። የያዩ የጠፉ ዓመታት ግን ማን ይመልስልን?

ገበሬው በሬው ሲያነክስ ለምን ብሎ እግሩን ያያል፤ ቀንበሩን ብቻ ቀይሮ እረስ አይለውም። እኛ ግን ከጋፋት ጀምሮ ቀንበር እንቀያይራለን።

ቸር ያሰንብተን።